ቀዩን አቀብይኝ

ልጅ ሳለሁ፣ ዘጠኝ ዓመቴን በያዝኩበት ክረምት፣ እናቴን በቃሬዛ ተሸክመው ሲወስዷት የአጥራችን በር ላይ ቆሜ አየሁ። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። የሰፈሩ ወንዶች እየተፈራረቁ ይሸከሟታል፣ አባቴ ጋቢውን አልብሷት ከጎኗ ይሮጣል፣ ዝናቡም ማንጠባጠብ ጀምሯል። እስከ ቁይ ከተማ በሰው ትከሻ፣ ከዚያ መኪና ከተገኘ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ድረስ ነው የሚሄዱት ተባለ። ማንም ወደኔ ዞሮ «ትመጣለች» አላለኝም። ስለ ቸኮሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ያኔ የማትመጣ ስለሆነች ነው ብዬ ያዝኩት።

እኔና የአምስት ዓመቱ ወንድሜ አበጀ እትዬ የሻረግ ዘንድ ቀረን። እትዬ የሻረግ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱባቸው ልጅ ስላልነበራቸው አባቴ ከግቢያችን ጥግ ትንሽ የሳር ቤት ሠርቶላቸው እዚያ ይኖሩ ነበር። ነገር ግን ተጧሪ ነኝ ብለው አያውቁም። ስፌት ይሰፋሉ። በሰፈራችን ሴት ልጅ ስትዳር የእሳቸው እጅ ያረፈበት መሶብ ሳይቀርብ የቀረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቶሎ የሚስቁ ሴት ነበሩ፤ ተረት ሲጀምሩ ደግሞ ወስፌያቸው ከቃላቸው ጋር እኩል ነበር የሚራመደው።

እናቴ በሄደች ማግስት ዝናቡ ጠና። ወንዙ ሞልቶ ወደ ቁይ የሚያሻግር ጠፋ፤ ስለዚህ የሄደ አይመለስም፣ ወሬም አይመጣም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰማዩ አልተገለጠም። ከበሩ ስንጥቅ ጭቃውንና የራሰውን የባሕር ዛፍ ብቻ እናያለን። ቤቱ ውስጥ በቀን ኩራዝ ይበራል፤ እርጥቡ እንጨት ጭሱን ዝቅ አድርጎ ያነጥፈውና ዓይናችን ሲያለቅስ ይውላል። እኔ ያን ጭስ እወደው ነበር፤ ሳለቅስ ማመካኛ ይሆነኛላ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አበጀ ድንገት፣ «እማ ሞታለች?» አለ።

እትዬ የሻረግ እሳቱን ይቆሰቁሱ ነበር። «ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«ስንዱ ናት።»

ስንዱ እኔ ነኝ። አዎ፣ ብየዋለሁ። ማታ ከአጎዛው ላይ ተጠጋግተን ተኝተን፣ ብቻዬን መፍራት ስላቃተኝ ለእሱ አካፈልኩት። ይቆጡኛል ብዬ ጉልበቴን አቅፌ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መቆስቆሻውን አስቀመጡና ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ።

«ዛሬ ቀለም እንነክራለን፤ ገንፎም እናገነፋለን» አሉ። «የወለደች ሴት ቤት ገንፎ ነው የሚሸተው። እናንተ ፊታችሁን አጥቁራችሁ ብትቆዩ የሚመጣው ልጅ ምን ይለናል? ተነሡ!»

የጣሪያው ጠፈጠፍ የሞላውን እንስራ አስገባን። ከቁይ ገበያ የተገዛ የዱቄት ቀለም በየወረቀቱ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ። በአራት አሮጌ ድስት እየተፈላ ነጭ የነበረው የስፌት ሣር፣ አክርማው፣ ገብቶበት ሲወጣ፣ ያ ጨለማ ቤት ሌላ ቤት ሆነ። ከግድግዳ ግድግዳ በተዘረጋው ገመድ ላይ ሣሩን በየእስሩ፣ እሳቸው ለየቀለሙ የተለያየ ቋጠሮ እያሰሩለት፣ ሰቀልነው። የሚንጠባጠበው ቀለም ወለሉን አዥጎረጎረው፣ የአበጀ እጅ እስከ ክርኑ ቢጫ ሆነ፣ አፍንጫው ላይም አረንጓዴ ነጥብ አረፈችበት። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«እስቲ የሚያውቅ!» ይላሉ እትዬ የሻረግ፣ እስሩን ከድስቱ ባወጡ ቁጥር። «ይህ ምንድን ነው?»

«ቀይ!» ይላል አበጀ እየዘለለ።

«ጎበዝ። ይህስ?»

ለእሱ መጫወቻ ያወጡለት መሰለኝ።

ከዚያ ገንፎው መጣ። የገብሱን ዱቄት በፈላው ውኃ ላይ እየነሰነሱ፣ ድስቱን በእግራቸው መሀል አጣብቀው፣ በረጅሙ ማማሰያ ሲያገላብጡት ትከሻቸው እንደ ሸማኔ ይሄድና ይመጣ ነበር። ፍልሰታ ስለነበር ቅቤ የለም፤ መሀሉን በማንኪያ አጎድጉደው በርበሬ የተለወሰበት የኑግ ዘይት ሞሉበት። ትኩስ የገብስ ሽታና የኑጉ ጠረን ጭሱን አሸነፉት። አበጀ ጣቱን እያቃጠለ በላ። እኔ ግን ሁለት ጉርሻ ጎርሼ ተውኩት። እናቴ በምን ሁኔታ እንዳለች ሳናውቅ የወላድ ገንፎ እየበላን መሳቃችን አንገበገበኝ። የአበጀ ሳቅ አናደደኝ፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የእሳቸው። እንዴት ይስቃሉ? የወንድማቸው ሚስት ናት እኮ፣ እህታቸው አይደለችም ብዬ አሰብኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክፉ ሐሳብ ሲያስብ ዳር የለውም።

ከሰዓት በኋላ ከፍሙ አጠገብ ተቀምጠው ሌማታቸውን አነሡ። ግማሽ ደርሶ ነበር፤ ለሚመጣው ሕፃን ክርስትና እንዲደርስ ነው የሚሰፉት። የደረቀውን አክርማ ከእኔ አጠገብ አስቀመጡ።

«ጉልበቴን ይዞኛል። ስጠራልሽ አንቺ አቀብይኝ» አሉኝ። ወዲያውም ተረታቸውን ጀመሩ።

«ከለታት አንድ ቀን ዝናብ ራሱ ሰው መስሎ ማደሪያ ፍለጋ ወጣ። ቀዩን አቀብይኝ። ከአንድ ባለጸጋ ደጅ ደረሰና፣ ‹ቤት ለእንግዳ!› አለ። ባለጸጋው በቀዳዳ ቢያየው ልብሱ ይንጠባጠባል፣ እግሩ ጭቃ ነው። ‹ጎተራዬን ታበሰብስብኛለህ፣ እለፍ!› አለው...»

«ቀዩን አቀብይኝ» ሲሉኝ አረንጓዴውን አቀበልኳቸው።

አውቄ ነው። ያዩኝ ዘንድ፣ ተረቱ እንዲቆም፣ ሳቁ እንዲቆም፣ ቢያንስ አንድ ሰው ተቆጥቶ ቤቱ የእኔን ልብ እንዲመስል ፈልጌ ነው። አረንጓዴውን ተቀበሉኝ፣ በከንፈራቸው አራሱት፣ ወስፌው በከፈተው ቀዳዳ ሰደዱት፣ ሳቡት። ተረታቸውን አላቋረጡም። ሁለተኛም ቀይ አሉ፤ ሁለተኛም አረንጓዴ ሰጠሁ። ሦስተኛም። ቀይ አበባ ሊሆን የታሰበው ቦታ ላይ አረንጓዴው እየተጠመጠመ ሄደ፤ እሳቸውም በየመሀሉ ቀና እያሉ ወደ እኔ ፈገግ ይላሉ። ቁጣው የት ሄደ? የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ራሴን መጠየቅ ፈራሁ።

«...መጨረሻ ላይ የአንዲት ድሃ ሴት ጎጆ ደረሰ። እሷም በሩን ከፈተችለትና...»

«እትዬ!» አለ አበጀ፣ ሌማቱ ላይ ተንጠራርቶ። «አረንጓዴ ነው እኮ! አበባው አረንጓዴ ሆነ!»

እጃቸው ቆመ። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ያን ጊዜ ነው እንደ አዲስ የተሰማኝ። ሌማቱን ወደ ኩራዙ አስጠጉት፣ ወደ ፊታቸው አቀረቡት፣ መልሰው አራቁት። ከዚያ ጭናቸው ላይ አስቀመጡና በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቀለም ግን በጣት አይዳሰስም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አውቄ ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አሉ ቀስ ብለው። «ስንት ዙር ሄጃለሁ?»

«ሁለት። ሦስተኛው ሊሞላ ነው።»

«ሌላውስ? ከዛሬ በፊት የሰፋሁት? ስንዱዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

ሌማቱን ተቀብዬ ወደ በሩ ብርሃን ወሰድኩት። ሁለት ቦታ ላይ በቀዩ መንገድ ወይን ጠጁ ገብቶበታል። እነዚያን እኔ አልሠራኋቸውም። «ደህና ነው» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ፊታቸውን አየሁ፤ ዓይናቸው እኔ ወዳለሁበት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ ድምፄን ፍለጋ ነበር የሚያየው። ነገርኳቸው።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ከፋሲካ ወዲህ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ጭስ መስሎኝ ነበር። በኋላ ውጭ ስወጣም አልለቀኝ አለ።»

ያኔ ሁሉም ነገር ተራ በተራ ገባኝ፦ «እስቲ የሚያውቅ!» የሚለው ጨዋታ፣ ጉልበቴን ያዘኝ ማለታቸው፣ ከወራት ወዲህ የየቀለሙን እስር በተለያየ ቋጠሮ ማሰራቸው። ሦስት ቀን ሙሉ እየተደናበሩ ያበሉን፣ ያሳቁን እኚህ ሴት፣ እኔ ስለ እናቴ ከፈራሁት የማያንስ ፍርሃት ደብቀው ኖረዋል። እግራቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በዚህ ጊዜ በጭሱ አላመካኘሁም።

«በይ ተይ» አሉኝ ጸጉሬን እየደባበሱ። «የእናትሽ ነገር ነው ያንገበገበሽ፣ አውቄዋለሁ። እኔስ የምስቀው ደስ ብሎኝ መሰለሽ? ዝም ብል ሦስታችንም እናለቅሳለን፤ ሦስታችንም ካለቀስን እሳቱን ማን ያነዳል?» ትንሽ ቆይተውም አከሉ፤ «ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ሥራዬ ነው ይህ። ይህን ካጣሁ ከወንድሜ እጅ እየጎረስኩ የምኖር አሮጊት ነኝ። ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁ።

ከዚያ ሌማቱን መሀላችን አድርገን አረንጓዴውን መፍታት ጀመርን። እኔ ወስፌውን የት እንደሚሰዱ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይስባሉ፣ አበጀ የተፈታውን ይሰበስባል።

«የት ደርሼ ነበር?» አሉ።

«በሩን ከፈተችለት» አለ አበጀ።

«አዎ። በሩን ከፈተችለት። ቤቷን አበሰበሰው፣ መደቧን አራሰው፣ እሷ ግን ባለቀለም ክሮቿን እሳቱ ዙሪያ ሰቅላ ስታጫውተው አደረች። ሲነጋ ዝናብ፣ ‹ምን ላድርግልሽ?› አላት። ‹ስትወጣ በቀስታ ውጣልኝ፤ ጎረቤቶቼ ገና እህላቸውን አልሰበሰቡም› አለችው። በሩን የዘጉበትን ማለቷ ነው። ዝናብ አፈረ። ክሮቿን ለመናት፤ ሰጠችው። በሰላም እየሄደ መሆኑን ሰው እንዲያውቅለት ሰማይ ላይ ዘረጋቸው። የማርያም መቀነት የምትሉት እሱ ነው።»

ድምፃቸው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የተንቀጠቀጠው፤ «ባለቀለም» የሚለው ቃል ላይ።

በነጋታው አባቴ እስከ ወገቡ ርሶ መጣ። ወንዙን በገመድ ተያይዘው ነው የተሻገሩት። እናቴ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ደክማለች፣ ግን ደህና ናት። እትዬ የሻረግ እልል ሲሉ ከዝናቡ በላይ ተሰማ፤ ከወዲያኛው አጥር ጎረቤቶች መለሱላቸው። አባቴ ተቀምጦ ገንፎ በላ። እኔ እጁን አየሁ፤ የእትዬ የሻረግ ምስጢር አፌ ውስጥ ነበር።

እናቴም ወንዙ ሲጎድል ሕፃኗን አቅፋ ተመለሰች። ቃሌን አንድ ወር ያህል ጠበቅሁ። ትምህርት ቤት እስኪከፈት የቀረኝን ክረምት በሙሉ ከጎናቸው ተቀምጬ ቀለም አቀበልኩ፤ ሌማቱም ሳይበላሽ ደረሰ። ተረቱም ብዙ ነበር፤ ያኔ ከቀኑ የምወደው ሰዓት እሱ ነበር። ነገር ግን በመስከረም መጀመሪያ አንድ ቀን ማሰሮ ሊያነሡ ብለው መዳፋቸውን ፍም ላይ አሳረፉት። አልጮኹም። እጃቸውን ከቀሚሳቸው ሥር ደብቀው፣ «ምንም አይደለም፣ ምንም» አሉኝ። ያን ቀን አመሻሽ ላይ አባቴ በሬዎቹን ሲያስገባ በረቱ በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት።

አባቴ ቁጭ አለና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «እኔ እኮ በየቀኑ አያታለሁ» አለ። «በየቀኑ።»

እትዬ የሻረግ አኮረፉኝ። አልተሳደቡም፣ አላባረሩኝም፤ ብቻ ስገባ ተረቱ ይቆማል። «ልጅ አምኜ» አሉ አንድ ቀን ለእናቴ፣ እኔ እንደምሰማ እያወቁ። እናቴ ሕፃኗን እያጠባች፣ «ልጅ ባያምኑ ኖሮ የት ይደርሱ ነበር?» አለቻቸው።

ከመስቀል በኋላ አባቴ ደብረ ማርቆስ ወሰዳቸው። ሐኪሞቹ የዓይን ሞራ ነው አሉ። ቀኝ ዓይናቸውን ገፈፉላቸው፤ ግራው ጊዜ አልፎበት ነበርና እንደ ጠፋ ቀረ። በፋሻ ታስረው ተመለሱ። ፋሻው የተነሣ ጠዋት ግቢው መሀል የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠው ዙሪያቸውን ሲያዩ ቆዩ፤ አደይ አበባው ከአጥሩ ሥር ገና አልረገፈም ነበር። ከዚያ ጠሩኝ። አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞሩ።

«ለካስ አፍንጫሽ የእናትሽ ሆኗል» አሉ። «እኔ የወንድሜን አስመስዬሽ ነበር የምኖረው።» እየሳቁ ለቀቁኝ።

ስለ ምስጢሩ ከዚያ በኋላ ተነጋግረን አናውቅም። እኔ ቃሌን ስላጠፍኩ ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም ደግ አደረግሽ አላሉኝም። ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ በአንድ ዓይናቸው እየሰፉ አረፉ። የነገሩኝ ተረት ብዙው ጠፍቶብኛል፤ ለልጆቼ ልናገር ስጀምር መሀሉን እረሳና ከራሴ እሞላለሁ። ያልጠፋኝ ግን ያ ዝምታ ነው፤ አንዲት ሴት የቀለም ብርሃኗ እየሄደ መሆኑን በልጅ አፍ ከሰማች በኋላ፣ ትንፋሿን ሰብስባ «የት ደርሼ ነበር?» ያለችበት። የሰው ሆድ ሲከፋ ምን ማለት እንዳለብኝ ሳጣ፣ ያኔ የተማርኩትን አደርጋለሁ፦ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ እጄ የሚሠራው ነገር ፈልጌ አነሣለሁ፣ ከቆመበትም እንዲቀጥል እጠብቀዋለሁ።