የጠላሁት ሰው ድንኳን

ወሬውን የሰማሁት ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነው። የሰፈራችንን ቤቶች ያስፈረሰው ባለሥልጣን ጠዋት ከመኪናው ሲወርድ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስታው አላስቀምጥ አለኝ፤ ከመቀመጫዬ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

አብሮኝ የተቀመጠው፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ፊቴን አይቶ ፊቱን አዞረብኝ። በዚህ ነገር ስንቴ ተጨቃጭቀናል! «አንዱ ቢወገድ ስንቱ እፎይ ይል ነበር» ስለው፣ «ማን እንደሚወገድ የሚቆርጠውስ ማነው?» ይለኛል። የአስተማሪ ጥያቄ! እኔ ማመልከቻ ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት አንድ ዓመት ያለቀብኝ ሰው ነኝ። ወረፋ ሳይጠብቅ ጉዳዩን በአንድ ጥይት በጨረሰው ሰው፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ፣ ቀናሁበት።

ሟቹ እንደ እኔው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጅ ነበር። ቤታችን ፈርሶ በየአቅጣጫው ብንበተንም እድራችን አልፈረሰም፤ አፍንጮ በር የገቡት እናቱም አባል ናቸው። ከሰዓት የእድሩ ሰብሳቢ ደወሉልኝ።

«ድንኳን የመትከሉ ተራ ያንተ ነው። ቶሎ ድረስ።»

አሞኛል ልበል? ከከተማ ወጥቻለሁ ልበል? መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ግን የእድር ተራ አይቀርም፤ የእኔ እናት የሞተች ጊዜ ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ ሟቹ ራሱ ነበር። ይህን ማስታወሴ ራሱ አናደደኝ። ደርሼም እጄ አላርፍ አለ፤ ደህና የተመታውን ካስማ እየነቀልኩ መልሼ መታሁት።

ሥራው ሲያልቅ እናቱን ላጽናና ገባሁ። ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ «እግዜር ያጽናዎት» በማለት ፈንታ የፍራሹን ጫፍ አስተካከልኩ። እሳቸው እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«መጣህልኝ ልጄ? ቤትህን ስላስፈረሰብህ ሳትመጣ ትቀርብኛለህ ብዬ ፈርቼ ነበር።»

«ምን ማለትዎ ነው፣ እማማ» አልኩ።

ወደ ለቀስተኛው ዞሩ። «እዩት! ቤቱን ያጣው ልጅ ለልጄ ድንኳን ተከለለት። እንዲህ ያለ ሰው እያለ ያ ጨካኝ ከየት መጣብኝ?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ልጃቸውን በልቤ ስንቴ እንደገደልኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ተነስቼ ልሄድ ሞከርኩ፤ እጄን አልለቀቁኝም።