የወንድሜ ኩላሊት

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ ሰው ሐኪምንም እንደ ባለሱቅ ነው የሚያየው። እኔ እንዲያ ነኝ። ካሽ ሬጅስተር አስገቡ እየተባልን በምንጨነቅበት ሰሞን ጎኔን ሲያመኝ ከረመና አንድ ክሊኒክ ሲቲ ስካን አዘዘልኝ። በመጀመሪያ ኩላሊቴን በደም መርምረው ንጹሕ ነው አሉኝ። ከዚያ ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት፣ ኮንትራስት የሚሉትን፣ በክንዴ ወጉኝ። ምስሉን ያነሳችኝ ልጅ ውኃ በደንብ ጠጣ ብላ አደራ ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን በቀጥታ ሱቄ ተመልሼ በጠራራ ፀሐይ ዕቃ ሳራግፍ ዋልኩ።

ምስሉ የሚያሰጋ ነገር አላሳየም። ይሄኔ ነጋዴነቴ ተነሳብኝ። ኩላሊትህ ንጹሕ ነው ያሉኝ ምስሉን ሊሸጡልኝ ቢሆንስ? እኛ ሰፈር ሁለተኛ ሱቅ ሳይጠየቅ ዕቃ አይገዛም። ከሁለት ቀን በኋላ ሰባተኛ አካባቢ ያለ ላቦራቶሪ ገብቼ ኩላሊቴን እንደገና አስመረመርኩ። መድኃኒት መወጋቴን አልነገርኳቸውም፤ የመጀመሪያውን ሱቅ ዋጋ ለሁለተኛው የሚናገር ነጋዴ የለም።

ውጤቱ ከፍ ብሎ መጣ። ኩላሊት ሊያጣራው የሚገባው፣ ክሬአቲኒን የሚባለው ነገር ደሜ ውስጥ በዝቷል። ባለሙያው ቶሎ ለሐኪም አሳይ አለኝ። እኔ ግን ይሄኛው የሚሸጥልኝ ምስል ስለሌለው እውነተኛው እሱ ነው ብዬ፣ ኩላሊቴ እንዳለቀለት ቆጥሬ ዘመድ ጠራሁ።

ቤቴ ሞላ። አጎቴ ዱዓ አደረጉ፣ ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። ታናሽ ወንድሜ፣ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዘችው፣ ከተቀመጠበት ተነሳ። "ጋሼ፣ ኩላሊት ከሆነ የኔን ውሰድ" አለ።

እኛ ዘንድ የቀረበ ነገር ወዲያው አይወሰድም። ለአንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ "አይ፣ አሁን ነው የጠጣሁት" ይባላል፤ እጅ የሚዘረጋው በአላህ ተብሎ ከተለመነ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ የታወቅኩ ነኝ፤ ሠርግ ቤት ተግደርድሬ ጦሜን የተመለስኩበት ጊዜ አለ። የዚያን ቀን ግን አልተግደረደርኩም። "አላህ ይስጥልኝ" አልኩት፣ ወዲያው። አጎቴ ምንጣፉን ማየት ጀመሩ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር የተቀመጠችውን የወንድሜን ሚስት ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በሳምንቱ ውጤቱን ይዤ ምስሉን ያዘዘልኝ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ምርመራው ከምስሉ በኋላ የተደረገ መሆኑን ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ፣ በተለይ ሰውነቱ ውኃ ካነሰው፣ ኩላሊትን ለጥቂት ቀናት ሊያደክም እንደሚችል፣ ቁጥሩም ከፍ ብሎ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ እንደሚወርድ አስረዳኝ። መወጋቴን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ላቦራቶሪው ራሱ ይጠረጥር ነበር። እንደገና ደም ሰጠሁ። ወርዷል።

አልዋሽም፣ ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ግን ፊቴን የት ላግባው? በየሱቁ በር እንዴት ነህ ሲሉኝ በቁሜ የተለቀሰልኝ ሰው አንገቴን ደፍቼ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ደህና መሆኔ ራሱ አሳፈረኝ።

ወንድሜ ሱቅ ሄጄ ነገርኩት። አቀፈኝና ቶሎ አልለቀቀኝም። አውፍ በለኝ ልለው ስጀምር አቋረጠኝ።

"ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ" አለ ዐይኔን ሳያይ። "እምቢ ይላል ብዬ ነው የተናገርኩት።"

ባንኮኒውን ተደግፌ ቆምኩ።

"እሺ ስትለኝ ግን በማግስቱ ሄጄ ደሜን ተመረመርኩ። የደም ዓይነትህ ይሆነዋል ብለውኛል።"

ደንበኛ ገባና ሊያስተናግድ ተነሳ። እኔ ባንኮኒው ጥግ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ቀረሁ።