የሌላ ሴት ጫጉላ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሰላም መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ባሏ ውጭ አገር ነው። ለቪዛ ኤምባሲ የምትቀርብበት ቀን ስለደረሰ ጥያቄ እየጠየቅኋት እንድትለማመድ ፈልጋ ነው። «አክስቴ፣ ‹ባልሽ ስንት ቁጥር ጫማ ያደርጋል› ብለሽ ጠይቂኝ» አለችኝ። ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ይኸን ልምምድ አውቀዋለሁ።

እኔም በወጣትነቴ ባል ነበረኝ። ምስጋናው ይባላል፤ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ሆኖ ገና በአፍላነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ነው። በጥር መጥቶ አገባኝ፣ እናቱ ቤት አንድ ወር አብረን ቆየን፣ ከዚያ ተመልሶ ሄደ። የፎገራን ሜዳ በዚያ ወር ላላየ ሰው አዝንለታለሁ። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ተኝቶበት የከረመው መሬት ሩዙ ከታጨደ በኋላ ሽምብራ ይለብሳል፤ ጭቃው ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ እኔና ምስጋናው ፀሐይ ሲበርድ ማሳው ዳር ተቀምጠን እሸት እየፈለፈልን እንበላ ነበር። የሽምብራ እሸት ልጣጩ ላይ ኮምጠጥ የሚል ነገር አለው፤ ከንፈር ያቃጥላል። እየተያየን ከንፈራችንን እንጠርግና እንስቅ ነበር። ጫጉላችን ይኸው ነበር፤ እኔን በቅቶኛል።

የእኔ የቪዛ ወረቀት ሁለት ዓመት ፈጀ። የኤምባሲው ቀጠሮ ሲቃረብ አማቴ ለጥያቄው የሚያዘጋጀኝ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ከባሕር ዳር አስመጡ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ ጫማውን በየደቂቃው በመሐረብ የሚወለውል ሰው ነው። የተጠበሰ ዓሣ ቀረበለት። እሾሁን ከአፉ እያወጣ የገበታው ጠርዝ ላይ እየደረደረ፣ ባሌ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ ምን ለብሶ እንደሚተኛ፣ ገላው ላይ የት የት ጠባሳ እንዳለው ጠየቀኝ። አማቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ እንጂ ተው አላሉትም። ያን ቅባት የነካ ጣቱን እያየሁ መለስኩለት። ምን ላድርግ፣ ባሌ ዘንድ መሄድ እፈልጋለሁ።

ከሠርጉ በኋላ የት ሄዳችሁ ሲለኝ ግን ደስ እያለኝ የሽምብራውን ነገርኩት። ሰውየው ሳቀ። ይኸ የገበሬ ሥራ እንጂ ፍቅር አይመስልም አለ። ለማንኛውም የእኔና የባሌ መልስ አንድ መሆን ስላለበት፣ በማግስቱ ምስጋናው ስልክ ሲደውል ሁላችንም እንድንሰማ አዘዘ።

ያኔ ስልክ ያለው ወረታ ከተማ እትዬ ዘይነብ ሱቅ ነበር። እሳቸው ስኳርና ሩዝ ይመዝናሉ፤ እኛ የእህል ማዳበሪያው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፤ እኔ፣ አማቴ፣ የምስጋናው እህት ብርቱካንና ጉዳይ አስፈጻሚው። የስልኩ ድምፅ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፈተ። ሰውየው ስለ ጫጉላችን ጠየቀ።

«ወንዛዬ ነዋ የሄድነው» አለ ምስጋናው እየሳቀ። «ፍልውሃው እግሯን አቃጥሏት አዝያት ተመለስኩ። እዚህ ላለው ጠበቃ ነግሬው ወረቀቱ ላይ ገብቷል።»

«እኔ ወንዛዬን በዓይኔ አይቸው አላውቅም» አልኩ።

ምስጋናው ሳቁን አቋረጠ። ከዚያ ለሰውየው «ረስታው ነው» አለው። ለእኔ እንኳ አልተናገረም። ሰው እግሩ መቃጠሉን፣ በባሉ ጀርባ መታዘሉን ይረሳል? ወደ ብርቱካን ዞርኩ፤ ዓይኗን ሰበረች። ወደ አማቴ ዞርኩ፤ እሳቸውም መሬት መሬት ያያሉ። ሁሉም ያውቃሉ። እትዬ ዘይነብ ሚዛናቸውን ትተው መጡና፣ ይኸ በሰው ፊት የሚሰማ ነገር አይደለም ብለው ድምፁን ዘጉት። ከዚያ ሁሉ ሰው ያፈረልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጉዳይ አስፈጻሚው ግን አልደነገጠም። ወረቀቱ ላይ የገባ አይቀየርም፣ ስለዚህ የምትቀየረው እሷ ናት አለ። ወንዛዬን አይታ ትምጣ፣ ቦታውን ታጥና። አማቴም «ልጄ፣ ባልሽ ያለውን በይ፤ ምን ይጎድልብሻል?» አሉኝ።

ብርቱካን ይዛኝ ሄደች። አቧራ እየጠጣን ደረስን። የታመመ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል፤ ቆዳው የቆሰለ፣ ጉልበቱ ያበጠ። በሽተኛን አልጸየፍም፣ እግዜር ይማራቸው። የጸየፍኩት የመጣሁበትን ጉዳይ ነው። በየት እንደሚገባ፣ እንፋሎቱ ምን ምን እንደሚሸት፣ ድንጋዩ ምን እንደሚመስል እያየሁ በልቤ አጠናሁ። የሌላ ሴት ቀሚስ ከነላቧ እንደመልበስ ነው። ብርቱካን ውሃው ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰችና እውነቱን ነገረችኝ። ምስጋናው ወደ ውጭ ከመሄዱ በፊት የሚወዳት ልጅ ነበረች፤ ወንዛዬ ወስዶ ያዘላት እሷን ነው፤ እንዳያገባት የከለከሉት አማቴ ናቸው።

አዲስ አበባ ወርጄ ኤምባሲው ቀረብኩ። ጠያቂዋ ትሁት ሴት ነበረች። ወንዛዬን ጠየቀችኝ፤ እንፋሎቱን፣ ድንጋዩን፣ ያልተቃጠለውን እግሬን አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። ስለ መታዘሌ ስነግራት ዓይኗ ራራ፣ ፈገግ ብላም እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። እንደዚያን ቀን ማንም ቶሎ አምኖኝ አያውቅም። ከግቢው ወጥቼ አጥሩ ሥር አስታወክሁ።

ቪዛው ተፈቅዶልኝ ወረታ ስመለስ ቤተሰቡ ገና መናኸሪያው በር ላይ በእልልታ ተቀበለኝ። እኔ በቀጥታ ወደ እትዬ ዘይነብ ሱቅ ሄጄ የምስጋናውን ጥሪ ጠበቅሁ። ሲደውል፣ ለእኛው ብዬ ነው ያደረግሁት እያለ ብዙ ለመነኝ። ቀድሞ ሌላ መውደዱን እንዳልተቀየምኩት ነገርኩትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«ከሠርጋችን ማግስት ምን እናደርግ ነበር?»

 «ብዙ ጊዜ ሆነው እኮ» አለ።

ስልኩን ዘጋሁት። ቪዛዬ ጊዜው አለፈበት፤ ሽማግሌ መጣ፣ ሽማግሌ ሄደ፤ ትዳሩም ፈረሰ።

ሰው ሁሉ በቅናት የቀረሁ ይመስለዋል። ልቡ በሌላ ሴት በተያዘ ሰው ምን ያስቀናል? እኔን ዛሬም የሚያንገሸግሸኝ፣ እነዚያ ሁሉ የሚወዱኝ ሰዎች ተቀምጠው፣ በእሷ ቦታ እኔ ብገባ ምንም እንደማይጎድል ማሰባቸው ነው። ያ ዓሣ በላተኛ ምን ያድርግ፣ እንጀራው ነው። የእኔዎቹ ግን ቤተሰብ ነበሩ።

ይኸን ሁሉ ለሰላም ነገርኳት። የጫማ ቁጥሩን ትታ ሰማችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሽምብራውን አስታውሶት ቢሆን ኖሮስ?» አለችኝ።

«እሄድ ነበራ» አልኳት። «እወደው ነበር እኮ።»