የወደቁት ዛፎችና የሰብሳቢው አጥር

ዴን ሃግ ውስጥ ስለ አውሎ ነፋስ የሚሰበሰብ ኮሚቴ አለ፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ካሪቢያን ባሕር ላይ ሆላንድ የእኔ የምትላቸው ትናንሽ ደሴቶች አሏት። አንድ ከባድ አውሎ ነፋስ ጠራርጓቸው ከሄደ በኋላ፣ እዚያ የተበላሹት የሳይንስ ምርምሮች እንዲያንሰራሩ መንግሥት ድጎማ መደበ። ድጎማው ለማን ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው ይህ ኮሚቴ ነው። ከአባላቱ መካከል አውሎ ነፋስን ከቴሌቪዥን ውጪ ያየ አንድም ሰው የለም። ይህን የምለው ለማማት አይደለም ብል እዋሻለሁ።

ሰብሳቢው መልካም ሰው መሆኑን ሁሉም ይናገራል፤ እሱ ራሱም ይናገራል። ከሮተርዳም የሚመጣ የደን ፕሮፌሰር አለ፤ ከመናገሩ በፊት መነጽሩን ይጠርጋል፣ ከተናገረ በኋላም ይጠርጋል፣ የሚጠራው ነገር ግን መነጽሩ ብቻ ነው። የቀሩት ሰብሳቢው ሲስቅ የሚስቁ ናቸው። በአንድ ስብሰባና በሌላው መካከል የሚሠሩት ሥራ ለሚቀጥለው ስብሰባ ቀን መፈለግ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእኛዎቹ ለመጮህም አጀንዳ ያስፈልጋቸዋል።

ስደተኛ ሆኜ በመጣሁ ጊዜ እንዲህ ያሉ ሰዎችን እፈራ ነበር። የእኔም ጉዳይ እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ እንዲህ ባለ ደረቅ ዳቦና ቺዝ መካከል ነበር የታየው። ያኔ ከበሩ ወዲያ ማዶ ሆነው የሚመራመሩ ጠቢባን ይመስሉኝ ነበር። ቀድሞ ከሠራሁበት የራይስዋይክ ቢሮ ተዛውሬ እዚህ ከገባሁና ከውስጥ ካየኋቸው በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝ፤ በምትኩ የገባው ንቀት ነው።

አንድ ቀን፣ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን፣ እዚህም ነፋስ ነፈሰ። ጃንጥላ የሚገለብጥ፣ ብስክሌት የሚጥል ነፋስ ነው። መንግሥት ግን “ኮድ ኦራንየ” ብሎ አወጀ፤ ካልቸገራችሁ ከቤት አትውጡ ማለቱ ነው። እኔ ከምኖርበት ከኦስዶርፕ በጠዋት ወጥቼ ስለነበር ባቡሬ ስኪፖል፣ አውሮፕላን ማረፊያው ጣቢያ ላይ ቆሞ ቀረ። እዚያው ቆሜ ሳለ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፦ የዛሬው ስብሰባ በነፋስ ምክንያት ተሰርዟል። የአውሎ ነፋስ ኮሚቴ ስብሰባ በነፋስ ምክንያት ተሰረዘ! ጣቢያው ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ሻንጣዋን ወደ ራሷ ሳበች።

በሚቀጥለው ሳምንት ስንገናኝ የሰብሳቢው የጓሮ አጥር ወድቆ እንደነበር ተሰማ። አቤት የነበረው ሐዘን! ፕሮፌሰሩ ትከሻውን ያዝ አደረገው፤ አንዷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ “ባለቤትህስ እንዴት ሆነች?” አለችው። አጥሩ ከምን እንጨት እንደተሠራ፣ ጎረቤት ምን እንዳለ፣ ኢንሹራንሱ ምን እንደመለሰ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ተወራ። ከዚያ ወደ አጀንዳው ገባንና ጣሪያቸው የሄደባቸው ሰዎች ማመልከቻ በተራ ቁጥር ተነበበ። ስለ እነሱ ቤት የጠየቀ አልነበረም።

አብረውን ለሚኖሩት እናቴ ራት ላይ አጫወትኳቸው፤ እንዲስቁ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

“የደሴቶቹንስ ሰዎች ጠየቃችኋቸው?” አሉኝ።

“ምኑን፣ እማዬ?”

“ምኑን ትያለሽ! አደጋ የደረሰበት ሰው እንኳን ተረፍክ ሳይባል ጉዳይ ይነሣበታል? ልቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ቤት ኪራይ እንደማውራት እኮ ነው።”

እዚህ የተወለደችው ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ ወደ አያቷ ዞረች። “ኦማ፣ ዳት ማህ ኒት! አይፈቀድም። አመልካቾች ናቸው እኮ፣ አንቺ ደግሞ!”

“እንኳን ተረፋችሁ ማለት የሚከለከልበት አገር ነው ያመጣሽኝ?” አሉ እናቴ፣ ልጄን ትተው እኔን እያዩ።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ፣ በደሴቶቹ ረፋድ ሲሆን፣ ከቢሮ ደወልኩ።

የደወልኩላቸው ሴት ከአመልካቾቹ አንዷ፣ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ የዛፍ ተመራማሪ ናቸው። ፕሮፌሰሩን አንተ እያልኩ እሳቸውን አንቱ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያ ቃሌ “እንኳን ተረፉ” ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሲባል ለዛው ይጠፋል፣ ግን ገባቸው። ቤትዎስ? ቤተሰብስ? ብዬ ጠየቅኩ። “ጣሪያው ሄዷል፤ እኅቴ ቤት ነኝ። ሰው ግን ደህና ነው” አሉ። “ከእናንተ ቢሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።” ስለ ዛፎቹ ያወሩልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንድ ኮረብታ ላይ ልዩ ልዩ ዛፎችን በረድፍ ተክለው ሲያሳድጉ ኖረዋል። ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ አውሎ ነፋስን የሚችለው ዛፍ የትኛው ነው? ሰው ቤቱ አጠገብ የትኛውን ቢተክል ይሻለዋል? ዕድሜ ልካቸውን የጠየቁትን ነፋሱ በአንድ ሌሊት መለሰላቸው። ግማሾቹ ቆመዋል፣ ግማሾቹ ሥሮቻቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ተጋድመዋል። የቆመው ለምን እንደቆመ፣ የወደቀው የቱ ጋ እንደተሰበረ መለካት ብቻ ነበር የቀረው። ግን መንገድ ሊጠገን ስለሆነ ዶዘር መጥቶ ኮረብታውን ሊጠርገው ነው። “ዶዘሩ ሳይደርስ የሚያግዙኝ ሰዎችና አንድ መኪና ብቻ ነው የምፈልገው” አሉ። የደወልኩት ደህንነታቸውን ለመጠየቅ ብቻ እንጂ ስለ ድጎማው እንዳልሆነ ነገርኳቸው። “ገብቶኛል፤ ያወራሁሽም ለዚያ ነው” አሉኝ።

በስብሰባው ላይ ተራቸው ደርሶ ፊታቸው ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ፕሮፌሰሩ መነጽሩን ጠረገ።

“ድጎማው ምርምርን ወደ ነበረበት ለመመለስ ነው” አለ። “የወደቀ ዛፍ መለካት አዲስ ምርምር ነው። መጀመሪያ የነበረውን መመለስ የለብሽም?”

“የወደቀ ዛፍ ተመልሶ ይቆማል እንዴ?”

“መልሶ መትከል ማለቴ ነው።”

“ተክዬ ምን ላድርግ?”

“ከዚያማ ምርምሩ ይቀጥላል።”

“ምርምሩ እኮ አውሎ ነፋሱን መጠበቅ ነበር” አሉ። “መጣ።”

አንዱ ሳቀ፤ ሰብሳቢው እንዳልሳቀ ሲያይ ሳል አስመሰለው። ያም ሆኖ ነገሩ ወደ እሳቸው ያዘነበለ መስሎኝ ነበር። ሰብሳቢው “የምትጨምሪው አለ?” አላቸው።

“ማመስገን እፈልጋለሁ” አሉ የዋህዋ ሴትዮ። “ከእናንተ አንዷ ደውላ እንኳን ተረፍሽ አለችኝ። ስለ ቤቴም ጠየቀችኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ በሉልኝ።”

አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ሰብሳቢው ኮሪደር ላይ፣ ቡና ማሽኑ አጠገብ አቆመኝ። ድምፁን በሽተኛ እንደሚያነጋግር ሰው ዝቅ አድርጎ፣ “ሰብዓዊ ነገር ነው፣ ይገባኛል” አለ። “ግን አመልካችን ለይቶ ማነጋገር ውሳኔውን ያቆሽሸዋል። ማመልከቻዋን ወደሚቀጥለው ዙር ማስተላለፍ አለብን፤ ለራሷ ሲባል።”

“ዶዘሩ ዙር አይጠብቅም” አልኩት።

“እሱ የእኛ ሥራ አይደለም።”

“ያንተ አጥር ሲወድቅ ሁላችንም እንኳን ተረፍክ ብለንሃል።”

ከልቡ ግራ ገባው። “እኔ እኮ አመልካች አይደለሁም” አለኝ።

ሰውን መናቅ ኃጢአት ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። እዚያ ኮሪደር ላይ ግን ይህን ሰው ከእግሩ እስከ ራሱ ናቅሁት፤ እስከዛሬም አልወጣልኝም። ከአመልካቾች ጋር በስልክ እንዳልነጋገር ከለከለኝ። መደወሌ ጥፋት ነው ካሉ ነገም አጠፋለሁ። የሚቀጥለው ዙር ማለት ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንደሆነ ከእሱ በቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ምናልባት እሱም ያውቅ ነበር።

ዶዘሩ መጣ። እስኪደርስ እሳቸው ከእኅታቸው ጋር ሆነው የቻሉትን ያህል ሲለኩ ሰንብተው ነበር፤ አንድ ረድፍ እንኳ አልጨረሱም። የወደቁት ግንዶች ተቆራርጠው ተቃጠሉ። ቆመው የተረፉትም ለመኪና ማዞሪያ ተብለው ተነሡ። ማመልከቻቸውን እንደሚያነሡ ለቢሮው በላኩት አጭር መልእክት ላይ ምክንያቱን “የምለካው የለም” ብለውታል። ሰብሳቢው “ያሳዝናል” አለና ወደሚቀጥለው ተራ ቁጥር አለፈ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ተመልሼ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ዙር የቀረበው ማመልከቻ የፕሮፌሰሩ ነበር፦ አውሎ ነፋስን የሚችሉ የደሴት ዛፎችን ለይቶ ለማወቅ። ጉዳዩ እስኪታይ ፕሮፌሰሩ ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ቆመ፤ ንጽሕና የሚጠበቀው እንዲህ ነው። በመስታወቱ በኩል ቡናውን ሲጠጣ ይታያል። ሐሳቡ ተወደሰ። እንዲህ ያለ መረጃ እስካሁን አለመኖሩ እጅግ አሳሳቢ ነው ተባለ፤ ቃል በቃል ጻፍኩት። ሳይውል ሳያድር ጸደቀለት። ተጠርቶ ሲገባ ሰብሳቢው ጨበጠውና ዕቅዱን በአጭሩ እንዲያስረዳን ጠየቀው።

“ኮረብታው አሁን ባዶ ስለሆነ ለመጀመር ምቹ ነው” አለ ፕሮፌሰሩ። “ዛፎቹን በረድፍ እንተክላለን። ካደጉ በኋላ አውሎ ነፋስ እስኪመጣ እንጠብቃለን።”