ዘግይቶ የሚያሳየው ስክሪን

ባህሩ በዕድሜው ሙሉ የበረረው አርባ ሰዓት አይሞላም። ደብረ ዘይት የበረራ ተማሪ ሳለ፣ አስተማሪ አጠገቡ ሳይቀመጥ ትንሿን የመለማመጃ አውሮፕላን ብቻውን ያነሣትና ያሳረፋት ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው። ከዚያ 1983 መጣ። መንግሥት ተለወጠ፣ ተማሪው ተበተነ፣ እሱም አንድ ሻንጣ ይዞ ጎንደር ገባ። ሥራ ሲያጣ ወደ መተማ ቆላ ወረደና ኮኪት ዙሪያ ባሉት የሰሊጥ እርሻዎች የትራክተር መካኒክ ሆነ፤ ሹፌር ሲጠፋም ይነዳል። ሃያ ዓመት እንዲህ አለፈ። ሰው ሁሉ «አብራሪው» ይለዋል፤ የሚያከብረውም የሚቀልድበትም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዱ አሮጌ ኮምፒውተር ሰጠው፤ የበረራ ጌም ተጭኖበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ከወንበሩ የሚያነሣው አልተገኘም። ሚስቱ አባይነሽ «ይኸ ሰውዬ ጣውንት አመጣብኝ» እያለች ትስቅ ነበር።

በኋላ ግን በጌሙ አውሮፕላኑን ማሳረፍ አቃተው። ሜዳው ከየት መጣ ሳይባል ዱብ ይልበታል፤ ሌላ አውሮፕላን ባዶ ከነበረ ሰማይ ተወርውሮ ይገባበታል። የከፍታ መለኪያውን ሲፈልግ ያጣዋል፤ ደግሞ ያገኘዋል። ጥፋቱን ሁሉ በዚያ አሮጌ ስክሪን ላይ ጣለው። ጎንደር ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝም አጸናለት፦ «ስክሪን ዘገምተኛም ፈጣንም አለው፤ በሚሊ ሰከንድ ነው የሚለካ። ለጌም ከሆነ ፈጣን ኤልሲዲ ስክሪን ይፈልጉ።» ባህሩ ያን ቃል እንደ መድኃኒት ይዞት ተመለሰ።

የካቲት 2003 አንድ ጠዋት ሲፒዩውንና የሚያበርርበትን እጀታ፣ ጆይስቲኩን፣ ባጃጅ ላይ ጭኖ መተማ ዮሐንስ ዋሲላ ሱቅ ሄደ። ዋሲላ እናቷ ሱዳናዊት ናት፤ ከካርቱም የሚመጣ ቴሌቪዥንና ዲሽ ትሸጣለች። ሳልሞክር አልገዛም ቢላት «ተማም፣ ችግር የለም፣ እስኪጠግቡ ይሞክሩ» ብላ ሦስት ስክሪን ደረደረችለት።

የመጀመሪያው አሥራ ሰባት ኢንች፣ አራት ማዕዘን ነው። «ይኸ ለጽሕፈት ነው፤ ለበረራ ጎንና ጎኑ መታየት አለበት» ብሎ መለሰው። ሁለተኛው ሰፋ ያለ ነበር፤ ግን አውሮፕላኑን ዘወር ሲያደርገው የተራራው ምስል ጥላ እየጎተተ ቀረ።

«አየሽ? ተራራው ጭራ አወጣ» አላት።

«ወላሂ እውነትዎን ነው» አለች፤ እሷም ተገረመች።

ሦስተኛው ሃያ ሁለት ኢንች ነው። ካርቶኑ ላይ ሁለት ሚሊ ሰከንድ የሚል ተጽፎበታል። ባህሩ ዝቅ ብሎም ቆሞም አየው፤ ቀለሙ አልተለወጠም። ጥቁር ሥዕል ከፍቶ በብልሽት የማይጠፋ ነጥብ ፈለገ፤ የለም። ሰማዩ ሲከፈት ደረቱ ሞቀው። ተነሣ፣ ከፍ አለ፣ ለማረፍ ወደ ግራ ዞረ።

«ይኸም ያው ነው» አለ ድንገት። «ሜዳውን ደበቀብኝ።»

«የቱን ሜዳ?»

«የማርፍበትን ነዋ! በግራ መታየት ነበረበት።»

ዋሲላ ጎንበስ ብላ አየች። «ይኸው እኮ ነው ጋሽ ባህሩ። ከዞሩ ጀምሮ እዚሁ ነው ያለ።»

«የት?»

ጣቷን ሜዳው ላይ አሳርፋ ጠበቀች። እሱ ግን ፊት ለፊት እንዳፈጠጠ ነው። «የት ነው የምልሽ! አሳዪኝ እንጂ!» ብሎ ተቆጣ። አንገቱን ሲያዞር ጣቷ ከነቀለበቱ ዓይኑ ፊት ዱብ አለ። ስክሪኑ ላይ አውሮፕላኑ መሬት ገብቶ ተሰባበረ፤ ሁለቱም አላዩትም።

«አይቆጡኝና አንድ ነገር ልሞክር» አለች። «መካከሉን ብቻ ይመልከቱ። እጄን ሲያዩ ይንገሩኝ።»

አምባሯ ጆሮው ሥር ሲንሿሿ ሰማው። እጇን ግን አላየም። አፍንጫው አጠገብ ሊደርስ ሲል ነው ያየው። በሌላውም በኩል ሞከረች፤ ያው ሆነ።

«ስክሪኑስ ደህና ነው» አለች በቀስታ። «ጎንደር ይሂዱ ጋሼ። ዛሬ ነገ አይበሉ።»

ሲፒዩው እዚያው ሱቅ ቀረ፤ ከዚያ በኋላም አልጠየቀውም።

ጎንደር ያየችው የዓይን ሐኪም ወጣት ናት። ግላኮማ ነው አለችው፤ የዓይን ግፊት። በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ሆኗል። «የሄደው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን እንዲያቆይልዎ ነው።»

«ሳላውቀው እንዴት?»

«ሕመም የለው፣ ጨለማ ሆኖ አይታይ። ያላዩትን ነገር እንደሌለ ነው የሚቆጥሩት።»

ባህሩ በጣቶቹ ወራት ቆጠረ። ከዚያ «ዓምና ጥቅምት ላይስ?» አላት።

«ዓምና ጥቅምትማ አብዛኛው ሄዶ ነበር።»

አብራው የሄደችው አባይነሽ የጠየቀበት ምክንያት ገባትና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ዓምና ጥቅምት በሰሊጥ አጨዳ፣ ባህሩ ጆንያ የጫነ ተሳቢ እየጎተተ ሲሄድ ሰጠኝ የሚባል ከጎጃም የመጣ የቀን ሠራተኛ ጎማ ሥር ገባ። ወደ ሐኪም ከመወሰዱ በፊት እዚያው ሽማግሌ ሲቀመጥ ባህሩ ማለ፦ «መንገዱ ባዶ ነበር። ዘሎ ገባብኝ።» ሰጠኝ ቃሬዛ ላይ ሆኖ «እያየኝ ነው የመጣ! እጄን አንሥቼ ቁም ብየዋለሁ!» እያለ ጮኸ። አንዱ «ሰክሮ ነው» አለ። ባህሩ መስከሩን አላየም፤ ግን አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሰውም አብራሪውን አመነ። የሰጠኝ እግር ጎንደር ላይ ተቆረጠ፤ ጥፋቱም የራሱ ተብሎ አገሩ ገባ።

ባህሩ ከጎንደር እንደተመለሰ ወደ እርሻው ባለቤት ሄዶ ሁሉን ነገረው። ሰውየው አዳምጦ «ያለቀ ነገር ነው፤ ለምን ትቀሰቅሰዋለህ?» አለው። ሽማግሌዎቹ ዘንድም ሄደ። አንዱ ሞቷል። ሌሎቹ «እግዜር ይፍታህ» ብለው አሰናበቱት። ፍርዱን የሚሽር ግን አልተገኘም። መፍቻውንም አስቀመጠ፤ ዓይኑን ካወቁ ወዲህ ከሞተር አጠገብ የሚያስጠጋው የለም።

በተከታዩ ዓመት አጨዳ ሲደርስ በየቀኑ ኮኪት፣ የጭነት መኪኖች ሠራተኛ የሚያራግፉበት ቦታ ይቆም ጀመር። የጎጃም አነጋገር ሲሰማ ይጠጋል። «ሰጠኝ የሚባል፣ አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው ታውቃላችሁ?» ጎጃም ሰፊ ነው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ አይቼዋለሁ አለ፤ የቱ ደብር ቢለው አላስታወሰም። ሌላው ሞቷል ሲባል ሰምቻለሁ አለ። አባይነሽ «ይብቃህ፣ ፀሐዩ ይገልሃል» ብላ ለመነችው። አልሰማትም።

ኅዳር መግቢያ ላይ ሕዝቡ በርክቶ ነበር። ባህሩ መኪናውን በእጁ እየዳበሰ ተጠጋና ፊቱ ለቆመው ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ።

«ጋሼ፣» አለው ሰውየው አዝኖ፣ «አሁን እኮ ጠየቁኝ። ያው ሰው ነኝ፤ አላውቀውም ብየዎታለሁ።»

ይቅርታ ጠየቀና ወደ ቀጣዩ ድምፅ ዞረ።