የኔታ አስማረ አልተጣሉም

በደብረ ታቦር ኮምፒውተርና ታብሌት ያስተማሩን፣ የተበላሸብንንም ያበጁልን መምህር አስማረ በዱላ ተመትተው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ይህን ሁላችሁም ሰምታችኋል። የሰማችሁት ግን ከነጉድፉ ነው። «በጠብ ሞቱ» ተባለ። ጠብ አልነበረም። ጠብ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እኔ እዚያው ክፍላቸው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ አንዱ መታ፣ አንዱ ተመታ። ይህን ጻፉልኝ ብዬ ማንንም አልለመንኩም፤ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኩት ፊደል ራሴ ጻፍኩት።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። መምህር አስማረ ጡረታ ሲወጡ ከገበያው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተው የተሰበረውን ይጠግኑ፣ የማያውቀውን ያስተምሩ ነበር። የቢሮ ጸሐፊዎች፣ ተማሪዎች፣ እንደ እኔ ያሉ አያቶች ሳይቀሩ እዚያ ይቀመጡ ነበር። እኔ ልጄ የገዛችልኝን ታብሌት ታቅፌ ስገባ «የኔታ፣ እስቲ ይህንንም ያስቆጥሩኝ» ብዬ ቀለድኩ። ስሙ በዚያው ጸና።

ትምህርታቸው በእኛው አነጋገር ነበር። ፎቶውን በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ ለሚያኖር ሰው «አንድ ጎተራ ብቻ ያለውን ገበሬ አይጥ አታስተኛውም» ይሉና ቅጂውን በፍላሽ ያስይዙታል። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ትምህርቱን አቁመው «ሶኬቱን ንቀሉ፤ መብረቅ ጽፋችሁ እስክትጨርሱ አይጠብቅም» ይሉ ነበር። ሽልማት ወጣልህ የሚል መልእክት የደረሰው ልጅ እየተደሰተ ቢመጣ «ያልዘራኸውን እጨድ ሲሉህ ማጭዱ የተሳለው ለአንተ አንገት ነው፤ አትንካው» አሉት። እኔም አንድ ቀን ታብሌቴን ቻርጅ ላይ ሰክቼ በጋቢ ሸፈንኩት። «እትዬ ጥሩ፣ እሱ አይበርደውም። ሲሞላ ስለሚግል ራቁቱን ይተዉት» ብለው ሰዉን ሁሉ አሳቁብኝ።

ከሁሉ አጥብቀው የያዙት ግን አንድ ሕግ ነበር። የሰው ዕቃ ባለቤቱ በሌለበት አይከፍቱም። ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ሲነካም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። «ኃጢአት ለንስሐ አባት ይነገራል፤ የይለፍ ቃል ግን ለእኔም አይነገርም» ይሉ ነበር። አንዲት እናት የሞተ ልጇ ፎቶ ያለበትን የተሰበረ ታብሌት ከሐሙሲት ይዛ መጣች። ፎቶዎቹን ሲገለብጡላት እንኳ አጠገባቸው አስቀምጠዋት ነበር። በሁለት ፍላሽ አድርገው አንዱን በነጠላዋ ጫፍ ራሳቸው ቋጠሩላት።

የተገደሉት ለዚሁ ሕግ ነው።

የገበያ ቀን ነበር። የተደጋገሙ ፎቶዎችን እንዴት እንደማጠፋ እያሳዩኝ ሳለ አንድ ሰው ዱላውን እንደያዘ ገባ። የሚስቱ ታብሌት መስታወቱ ተቀይሮ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። የእሷን ስም አልጽፍም፤ ያለ ጥፋቷ ብዙ ተነሥቷል። ሰውየው ሰላምታ አልሰጠም።

«የሚስቴን ክፈትልኝ። ከማን ጋር እንደምትጻጻፍ ማየት እፈልጋለሁ» አለ። የአባቱን እኩያ አንተ እያለ።

«ዕቃዋ አልቋል። ትምጣና ራሷ ትክፈተው» አሉት።

«እሷም የእኔ፣ ዕቃውም የእኔ።»

«እሷ የራሷ ናት። ዕቃው ደግሞ እኔ ዘንድ አደራ ነው።»

«ለካ ውሽማዋ አንተ ነህ» አለ።

የኔታ በእጃቸው የነበረውን ካቻቢቴ መሳቢያ ውስጥ ከተው ዘጉበት፤ ሁለት መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ባዶ እጃቸውን መሆናቸውን እንዲያይ ነው። አይቷል። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻቸውን ሰበረው። ሁለተኛው መነጽራቸውን ከነቅንድባቸው ፈለጠው። ደሙ ኪቦርዱ ላይ ወረደ። ካፖርቱን ይዤ ተንጠለጠልኩበት፤ በክርኑ ደረቴን መትቶ ጣለኝና የእጄ አንጓ ተሰበረ። ከወደቁ በኋላም መታቸው። ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ አደቀቀ። በመጨረሻ የመጣበትን የሚስቱን ታብሌት አውርዶ በጫማው ረጋግጦ ሰባበረው። ሰው ደርሶ ያዘው። የኔታ ወደ ባሕር ዳር ሲወሰዱ ሐሙሲት ሳይደርሱ ዐረፉ።

ገዳዩ ተፈርዶበት ታስሯል። ምላስ ግን አይታሰርም። ለቅሶው ላይ እንኳ ያለ ነገር አልተመቱም፣ ከሰው ሚስት ጋር ምን ነበራቸው ይባል ነበር። ልጃቸው ይህን እየሰማ እህል ተወ፤ ጠመንጃ የሚያውሰው ሰው ያፈላልግ ጀመር። እናቱ ቤቴ መጥታ ባሏን ቀብራ ሳትጨርስ ልጇን በደም ልታጣ መሆኑን እያለቀሰች ነገረችኝ።

ደሙ እንዲደርቅ ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰበሰቡ። የገዳዩ አባት አቶ ፈንቴ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ቆሙ። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት «ሰይጣን አሳስቷቸው ሁለቱ ሰዎች ተጣልተው...» ብለው ነገሩን ጀመሩ። ተነሣሁ።

«አልተጣሉም» አልኩ።

«እማማ፣ ይህ እርቅ ነው፤ ፍርድ ቤት አይደለም። ይቀመጡ።»

«መግሉ ያልወጣ ቁስል አይሽርም። ተቀምጦ የተመታውን ሰው ተጣላ ካላችሁት፣ ይህ ልጅ ነገ ተጣልቶ ያሳያችኋል።»

ወደ አባትየው ዞርኩ። የኔታ እጃቸውን አንሥተው እንደሆነ፣ ምራታቸውም ያጠፋችው ካለ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፊት እንዲናገሩ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ሊያቋርጡኝ ሞከሩ። መልስ ሳልሰማ እንደማልቀመጥ ነገርኳቸው።

የኔታ፣ እንግዲህ ልሰናበትዎ። ክፍልዎ ተዘግቷል። ልጅዎ ግን ጠመንጃ አልያዘም፤ ለእናቱ ቆሞላታል። ያቺም ሴት አንገቷን ሳትደፋ ገበያ ትወጣለች። አፈሩ ይቅለልዎ። ለዚህ ያበቃንን ቃል አልሰሙትምና እኔ ልንገርዎ። አቶ ፈንቴ ድንጋዩን ያውርዱ ሲባሉ አላወረዱም። ከዚያ ሁሉም እየሰማ እንዲህ አሉ፦

«ልጄን እስር ቤት ሄጄ ጠይቄዋለሁ። መምህሩ እጃቸውን አላነሡም። ምራቴም አልበደለችም። የገደለው ልጄ ነው፤ ያሳደግሁትም እኔ ነኝ።»