የሰፍያ ፊት ሞላ

በመስቃን ገጠር እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ ዝር አይልም። ሰፍያ ጉልበቷ አብጦ መቀመጥ ሲያቅታት፣ ከእንሴኖ ገበያ ስሙን እንኳ የማታውቀውን ክኒን ገዝታ ዋጠች። በነጋታው ምንም እንዳልነበረባት ሆና ስትፍቅ ዋለች! ከዚያ ወዲህ ሳትውጥ ውላ አታውቅም። ፊቷም ሞላ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ማሻአላህ፣ ኑሮ ተስማማሽ» ይላት ጀመር።

ራሷን ሲያዞራት ቡታጅራ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ባሂራ ክኒኑን አየች፤ ጉንጯንም ጫን አድርጋ ነካች።

«እህቴ፣ ይሄ ውፍረት አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው ያሳበጠሽ። አጥንትሽንም ከውስጥ እየበላው ነው።»

«በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልውጠውም!»

«እንዳታደርጊው! በአንዴ ካቆምሽ ሰውነትሽ ይከዳሻል። እየተከታተልንሽ ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን። ሕመሙ ግን ይመለስብሻል፤ እስኪሻልሽ እንሰት አትፍቂ።»

«አረፋ ደረሰ እኮ፤ ማን ይፍቅልኝ?»

ባሂራ የቀጠሮዋን ቀን ጽፋ ሰጠቻት።

ባሏ አብዱልሃፊዝ ደጅ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ሰፍያ ነርሷ ያለችውን አንድ በአንድ ነገረችው። ክብ ፊቷን ትክ ብሎ አየና ከት ብሎ ሳቀ።

«በዚህ ፊትሽ ነው የታመምሽው?»